ጃንደረባ፦ ስድብ ነው ወይስ ሹመት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ በዋድላ ደጋ ላይ ጋሸና ከምትባል ከተማ ሲደርስ ወደ ሰሜን ይገነጠላል። መገንጠያው ወደ ቅዱስ ላሊበላ የሚወስደው ነው፤ ከዚያ እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በልደት በዓል ሰሞን ከየአቅጣጫው የመጣ ምእመን በዚህ ስፍራ ይገናኛል። አንዱ መኪና ይጠብቃል፤ ሌላው በትሩን ይዞ በእግሩ ይቀጥላል፤ የደጋው ብርድ የጠናበት ደግሞ ከሻይ ቤት ገብቶ እሳት ይሞቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም በዚሁ መገንጠያ መኪና ስንጠብቅ አንድ ጎልማሳ ከባለቤቱ ጋር አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ልጅ ስላልወለዱ በየዓመቱ ስእለት ይዘው ወደ ላሊበላ እንደሚሄዱ አጫወተን። ቆይቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "ዲያቆን፣ የመንደራችን ሰዎች ሲቀልዱብኝ ጃንደረባ ይሉኛል። ቃሉ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ እሰማለሁ። እንዲያው ስድብ ነው ወይስ ሹመት?" ሲል ጠየቀን። እኛም ልናጽናናው ቸኩለን፦ "ሹመት ነው፤ ያ ሰው እኮ የንግሥት ገንዘብ ያዥ ነበር" አልነው። ጥቂት አሰበና፦ "ሹመት ብቻ ከሆነማ እኔን አይመለከተኝም" ብሎ ዝም አለ። መኪናው መጣ፤ ተለያየን።

የሰጠነው መልስ ግማሽ እንደ ነበር የገባን ዘግይቶ ነው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም የቀረውን ግማሽ ለመሙላት ነው። "ጃንደረባ" የሚለው ቃል በውስጡ ክብርንም ቁስልንም ይዟል። ክብሩን ብቻ የሚያነብ ሰው የሐዋርያት ሥራን ታሪክ ወደ አንድ ባለ ሥልጣን ጉዞ ያሳንሰዋል። ቁስሉን ብቻ የሚያነብ ደግሞ ቃሉን ለመሳለቂያ ያውለዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ለሚያነብ ግን ቃሉ የወንጌልን ደጅ የሚከፍት ቁልፍ ይሆንለታል።

ቃሉ በአማርኛችን

"ጃን" የሚለው ቃል ለንጉሥና ለንጉሥ ለሆነ ነገር ሁሉ የክብር መጠሪያ ሆኖ በቋንቋችን ኖሯል። ንጉሠ ነገሥቱን "ጃንሆይ" እንል ነበር። በአዲስ አበባ ጥምቀት የሚከበርበት ሰፊ መስክ "ጃን ሜዳ" ይባላል። በስሜን የሚገኘው "ጃን አሞራ" ስያሜው የንጉሥ ጭፍራ መጠሪያ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። "ጃንጥላ" የሚለውንም ብዙዎች ከዚሁ ጋር አያይዘው የንጉሥ ጥላ ብለው ይፈቱታል። የቃሉን ሁለተኛ ክፍል "ደረባ" የሚለውን የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ "ደረበ" የሚለውን ግሥ ያስታውሳል፤ ልብስ በልብስ ላይ መደረብን፣ ደርብን፣ ድርብን ማለት ነው። በጆሮ መመሳሰል ላይ ብቻ ትምህርት ስለማይመሠረት ግን የቃሉን ትርጉም ከአገልግሎቱ እንፈልገዋለን።

በአገልግሎቱ "ጃንደረባ" ማለት በቤተ መንግሥት ውስጥ፣ በተለይም በእልፍኙና በንግሥቲቱ ቤት የሚያገለግል የታመነ ሹም ነው። ይህ ሹም በብዙ አገር ልማድ የተሰለበ ሰው ስለ ነበር ቃሉ ቀስ በቀስ የሰውነትንም ሁኔታ የሚገልጽ ሆነ። አማርኛ ለሰውነቱ ሁኔታ ራሱን የቻለ ቃል አለው፤ "ስልብ" ይባላል። "ስልብ" ቁስሉን ይናገራል፤ "ጃንደረባ" ቁስሉን የተሸከመው ሰው የቆመበትን ስፍራ ይናገራል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት "ጃንደረባ"ን መምረጣቸው ሰውዬውን በጎደለው ነገር ሳይሆን በተሰጠው አደራ መጥራታቸው ነው። በመንደር ቀልድ ቃሉን ለስድብ የሚያውሉት ይህን የሊቃውንት ጨዋነት ገልብጠውታል።

የጥንቱ ቤተ መንግሥታችን የሹመት ስሞች ነገሩን ይበልጥ ያብራሩልናል። የንጉሥን ግምጃ ቤት የሚጠብቀው ሹም "በጅሮንድ" ይባል ነበር። የንጉሥን ቃል የሚጽፈውና ማኅተሙን የሚይዘው "ጸሐፌ ትእዛዝ" ነበር። ወደ ንጉሥ የሚገባውንና የማይገባውን ለይቶ በእልፍኙ በር ላይ የሚቆመው ደግሞ "እልፍኝ አስከልካይ" ይባል ነበር። ይህን የመጨረሻውን ስም አንባብያን በልባችሁ እንድትይዙት እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በግእዝ፣ በዕብራይስጥና በጽርእ

ግእዙ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ይህን ሰው "ኅጽው" ይለዋል። "ኀጸወ" ሰለበ ማለት ነው፤ "ኅጽው" ስልብ፣ ሲበዛ "ኅጽዋን" ይሆናል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ስለሆኑት፣ ሰው ስላደረጋቸውና ስለ መንግሥተ ሰማያት ብለው ራሳቸውን ስለለዩት ሲናገር ግእዙ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። እንግዲህ ግእዙ ቁስሉን ፊት ለፊት ይጠራዋል፤ አማርኛው ሹመቱን ያስቀድማል።

ዕብራይስጡ "ሳሪስ" ይላል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ቃል ከአካድኛ የሹመት ስም ጋር ያዛምዱታል፤ ፍቺውም "የራስ የሆነ" እንደማለት ነው። በዚያ ውስጥ ያለው "ራስ" ከእኛው "ራስ" ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። ስለዚህ በብሉይ ኪዳን "ሳሪስ" አንዳንድ ጊዜ በንጉሥ ፊት የሚቆም ሹም ማለት ብቻ ነው። ለዚህ ምስክሩ ጲጥፋራ ነው፤ ዮሴፍን የገዛው ይህ የፈርዖን ሹም በዕብራይስጡ "ሳሪስ" ተብሎ ሳለ ባለ ሚስት ነበር (ዘፍ. 39፥1-7)። በእስር ቤት ከዮሴፍ ጋር የነበሩት የጠጅ አሳላፊዎችና የእንጀራ አበዛዎች አለቆችም በዚሁ ስም ተጠርተዋል (ዘፍ. 40፥2)። በሌላ ስፍራ ግን ቃሉ በግልጽ የሰውነትን መቆረጥ ያመለክታል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ከልጆቹ አንዳንዶቹ በባቢሎን ንጉሥ ቤት ጃንደረቦች እንደሚሆኑ ሲነግረው የሹመት የምሥራች ማብሠሩ አልነበረም፤ የዘር መቋረጥን መርዶ ማርዳቱ ነበር (ኢሳ. 39፥7)።

ጽርዑ "ኤውኑኮስ" ይላል፤ መኝታን የሚጠብቅ ማለት ነው። ይህም ከእኛው "እልፍኝ አስከልካይ" ጋር እጅግ ይቀራረባል። ቅዱስ ሉቃስ በዚህ ቃል ብቻ አልተወሰነም። ሁለተኛ ቃል ጨምሮ "ዲናስቴስ"፣ ማለትም ባለ ሥልጣን ይለዋል። ሦስተኛም በንግሥቲቱ ግምጃ ቤት ሁሉ ላይ የተሾመ መሆኑን ይነግረናል። ለግምጃ ቤቱ የተጠቀመበት የጽርዕ ቃል "ጋዛ" ነው፤ ወደ ጋዛ በሚወርደው መንገድ ላይ "ጋዛን" የሚጠብቅ ሰው ሲሄድ እናያለን።

አንዳንድ መምህራን ሰውዬው በማዕርጉ ብቻ ጃንደረባ ተባለ እንጂ በሰውነቱ ስልብ አልነበረም ይላሉ፤ የጲጥፋራንም ምሳሌ ያነሣሉ። ነገር ግን "ኤውኑኮስ" ሹም ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሉቃስ ቀጥሎ "ባለ ሥልጣን" የሚለውን ባልደገመው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ እያንዳንዱ ቃል የየራሱን ነገር ስለሚናገር ነው፤ አንዱ የሰውነቱን፣ ሌላው የሥልጣኑን። ግእዙም "ኅጽው" ሲል የተረዳው እንዲሁ ነው።

ነገሥታት ጃንደረቦችን ስለምን ይሾሙ ነበር?

የነገሥታት ፍርሃት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የቀረበ ሹም ነገ ልጁን በዙፋኑ ላይ ለማስቀመጥ እንዳይመኝ መፍራት ነው። ዘር የሌለው ሰው ለዘሩ የሚያከማቸው ሀብትና የሚመኘው ዙፋን የለውም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ስለዚህ የአሦር፣ የባቢሎን፣ የፋርስ፣ የሮምና የቻይና ነገሥታት የእልፍኛቸውን በር፣ የሚስቶቻቸውን ቤትና የግምጃ ቤታቸውን ቁልፍ ለእነዚህ ሰዎች ሰጡ። አንዳንዶቹ ከእልፍኝ አልፈው ታላላቅ ሥራ ሠርተዋል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዮስጢንያኖስ ጃንደረባ ናርሴስ ግምጃ ቤት ከመጠበቅ ተነሥቶ ጣልያንን ከጎቶች ያስለቀቀ የጦር አለቃ ሆኗል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ጄንግ ሄ የተባለው የቻይና ጃንደረባ ግዙፍ መርከቦችን እየመራ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የዘለቀ ጉዞ አድርጓል።

ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ እምነት መሠረት ግፍ ነበር። ሰውየው ገና በልጅነቱ፣ ያለ ፈቃዱ ተቆርጦ ለሌላ ሰው ቤት ይጠቅም ዘንድ የገዛ ቤቱ ይዘጋበታል። በእጁ የሚያልፈው ወርቅ የብዙ ነው፤ ስሙን የሚጠራለት ግን የለም። ክብሩና ቁስሉ በአንድ ሰው ላይ የተደረቡ ናቸው ማለታችን ስለዚህ ነው።

ከጉድጓዱ ያወጣው ኢትዮጵያዊ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ከሐዋርያት ሥራው በፊት 600 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በንጉሥ ሴዴቅያስ ቤት አቤሜሌክ የሚባል ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነበር (ኤር. 38፥7-13)። ነቢዩ ኤርምያስን መኳንንቱ ጭቃ በሞላበት ጉድጓድ ሲጥሉት ከከተማው ሁሉ ደፍሮ ወደ ንጉሡ የገባ እርሱ ነው። ንጉሡም ሠላሳ ሰዎች ሰጥቶ አሰናበተው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚነካ ትንሽ ነገር አለ። አቤሜሌክ ወደ ጉድጓዱ ከመሄዱ በፊት ከግምጃ ቤቱ በታች ገብቶ አሮጌ ጨርቅና የተጣለ ልብስ ይዞ ወጣ። ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቆርጠው ጨርቁን ከብብቱ በታች እንዲያደርግ ነገረው። የቤተ መንግሥት ሹም ወርቁ የት እንዳለ ያውቃል፤ ይህ ሰው ግን የተጣለው ጨርቅ የት እንዳለም ያውቅ ነበር። የተቆረጠ ሰው የገመድ መቁረጥ ምን እንደሆነ አይረሳም። እግዚአብሔርም ከተማይቱ ስትወድቅ እርሱ እንደማይጠፋ ቃል ገባለት (ኤር. 39፥15-18)። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊትም አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ በለስ እንደያዘ 66 ዓመት አንቀላፍቶ ሲነቃ በለሱ ሳይደርቅ መገኘቱ ይነገራል።

የተዘጋው በርና የነቢዩ ተስፋ

የሐዋርያት ሥራውን ጃንደረባ ለመረዳት አንድ ሕግና አንድ ተስፋ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕጉ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ቁጥር 1 ላይ ይገኛል፤ የተሰለበ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ተስፋው በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 56 ከቁጥር 3 ጀምሮ ይገኛል። በዚያ እግዚአብሔር በነቢዩ አድሮ ጃንደረባው ራሱን እንደ ደረቅ ዛፍ እንዳይቆጥር ይናገራል። ሰንበታቱን ለሚጠብቁና ቃል ኪዳኑን ለሚይዙ ጃንደረቦች በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ መታሰቢያን፣ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆችም የሚበልጥ የማይጠፋ ስምን እንደሚሰጣቸው ቃል ይገባል።

አሁን ወደ ጋዛ መንገድ እንመለስ። ሰውየው ከሩቅ አገር ተነሥቶ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዷል። በቤተ መቅደሱ ደጅ ያንን ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እርሱ በሠረገላ የሚሄድ፣ ብራና ለመግዛት አቅም ያለው፣ በንግሥት ግምጃ ቤት ላይ የተሾመ ነው፤ ወደ ጉባኤው ግን እንደ ማንኛውም የእስራኤል ልጅ የሚገባ አልነበረም። ሲመለስ በእጁ ያለው የኢሳይያስ መጽሐፍ ነው፤ የሚያነበውም ምዕራፍ 53 ነበር።

ያነበበው ክፍል እንደ በግ ለመታረድ ስለተነዳው፣ ፍርዱን ስለተነጠቀው ይናገራል፤ ትውልዱን ማን እንደሚናገርለትም ይጠይቃል (ሐዋ. 8፥32-33)። አበው በዚህ ቃል የጌታችንን የማይመረመር ልደት ይተረጉማሉ፤ ትርጓሜው እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ቃል ዘር የሌለው ሰው በሠረገላ ላይ ብቻውን ሆኖ ሲያነበው ምን እንደተሰማው እናስብ። ትውልዱን የሚናገርለት የሌለ ሰው በመጽሐፍ ውስጥ አንድ የተቆረጠ፣ ትውልዱን ማን ይናገራል የተባለለትን አገኘ። ነቢዩ ስለራሱ ነው ወይስ ስለሌላ የሚናገረው ብሎ መጠየቁ የዕውቀት ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ይህ እንደ እኔ የቆሰለው ማን ነው ማለቱም ነው።

ወደ ሠረገላው የሮጠው ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ የሆነው ቅዱስ ፊልጶስ ነው (ሐዋ. 6፥5)። የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ ጠየቀው። ባለ ሥልጣኑም የሚመራው ከሌለ እንዴት እንደሚችል መልሶ ጠየቀው፤ ለመነውና አጠገቡ አስቀመጠው። በንግሥት ፊት የሚቆም ሹም መንገድ ላይ ያገኘውን እግረኛ መምህር አድርጎ መቀበሉ ትልቅ ትሕትና ነው። ቅዱስ ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ሰበከለት። ከምዕራፍ 53 ተነሥቶ ብራናውን ጥቂት የሚገልጥ ሰው ምዕራፍ 56ን ያገኛል፤ የበጉ መከራ ካለበት እስከ ጃንደረባው ተስፋ ያለው ርቀት ይህን ያህል አጭር ነው።

ምን ይከለክለኛል?

ከዚያ በኋላ ውኃ አጠገብ ደረሱ። ጃንደረባውም ከመጠመቅ የሚከለክለው ነገር ምን እንደሆነ ጠየቀ (ሐዋ. 8፥36)። ይህ ጥያቄ በችኮላ ሲነበብ እነሆ ውኃ አለ፣ እንጠመቅ እንደማለት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሕይወቱን ሙሉ የተከለከለ ሰው ነው የጠየቀው። ሕጉ ከልክሎታል፤ ሰውነቱ ከልክሎታል፤ የአባትነት ስም ተከልክሏል። አሁንስ የሚከለክለኝ ይኖር ይሆን ማለቱ ነበር።

ጋሸና የምትገኝበት ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የቅኔ ቤት በመሆን ስሟ የሚጠራ አገር ናት። በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ሲገኝ ኅብር ይባላል፤ ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ አያልፍም። በአማርኛችን ይህ ታሪክ ራሱ ኅብር ነው። ጽርዑ የሰጠው ስም በእኛ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ሲፈታ "እልፍኝ አስከልካይ" ይሆናል። ሥራው በንግሥት በር ላይ ቆሞ ሌላውን መከልከል የነበረ ሰው በውኃው ዳር "ምን ይከለክለኛል?" ብሎ ጠየቀ። ሰሙ የንግሥት በር ጠባቂ ነው፤ ወርቁ ከበር ውጭ ቆሞ የኖረ ነፍስ ነው። ቅዱስ ፊልጶስ አንድም የሚከለክል ነገር አላገኘም። ሁለቱም ወደ ውኃ ወረዱ፤ አጠመቀውም። ሰውየው ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ውሳኔ በሥርዓቷ አጽንታዋለች። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት በመጀመሪያው ቀኖናቸው በሕመም ምክንያት ወይም በጨካኞች እጅ የተሰለበ ሰው በክህነት እንዳይከለከል፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሱን በገዛ ፈቃዱ የሰለበ ግን በክህነት እንዳይኖር ደንግገዋል። ሰው በሌላው በደል ምክንያት ከእግዚአብሔር ቤት አይገፋም። ሰውነትም የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና በገዛ እጅ አይጎዳም። ጌታችን ስለ መንግሥተ ሰማያት ራሳቸውን የለዩ ብሎ የተናገረውን አበው የተረዱት የድንግልናና የምንኩስና ሕይወት ብለው ነው፤ በስለት የሚፈጸም ነገር አላደረጉትም።

የማይጠፋ ስም

ይህ ሰው በመጽሐፍ ውስጥ ስሙ አልተጻፈም። በትውፊት ባኮስ እየተባለ ይጠራል። "ሕንደኬ" የሚለውም እንደ ፈርዖን የማዕርግ ስም ነው፤ በናይል ሸለቆ በመርዌ የነገሡ ንግሥታት በዚህ ማዕርግ ይጠሩ እንደነበር የታሪክ ጸሐፍት ይመሰክራሉ። የጽርዕ ጸሐፍት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ኢትዮጵያ ይሉት ነበር። የእኛም ቤተ ክርስቲያን በ34 ዓ.ም. ወንጌል በዚህ ጃንደረባ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መግባቱን በትውፊቷ ጠብቃ ትተርካለች። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አባት የሚባለው አውሳብዮስ ዘቂሳርያም ይህ ሰው ከአሕዛብ ወገን በመጀመሪያ አምኖ ወደ አገሩ ተመልሶ መስበኩን ጽፏል፤ በመዝሙር 67 ቁጥር 31 ስለ ኢትዮጵያ የተነገረው ትንቢት በእርሱ እንደተፈጸመም ይመሰክራል።

ከ300 ዓመት ያህል በኋላ እግዚአብሔር ያንኑ መንገድ መልሶ ተጠቀመበት። ከባሕር ተይዘው ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት ከመጡት ሁለት ወጣቶች ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የግምጃ ቤቱና የጽሕፈቱ ኃላፊ ሆነው መሾማቸውን ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ተርኳል። ይህ ፍሬምናጦስ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ የተመለሰው አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ነው። እንግዲህ አገራችን ወንጌልን በሰማችበት ጊዜም፣ ጳጳስ ባገኘችበት ጊዜም መልእክተኛው የንጉሥ ቤት ግምጃ ጠባቂ ነበር። የምድር ንጉሥን ወርቅ ሳይሰርቅ የጠበቀ ሰው የሰማዩን ንጉሥ ሀብት እንዲያድል ታመነ። ዛሬ የአጥቢያችንን ሙዳየ ምጽዋትና የግምጃ ቤት ቁልፍ የያዝን ሁላችን የዚህ ሹመት ወራሾች መሆናችንን ልናስብ ይገባናል።

ለዚያ ጃንደረባ ደግሞ የተገባለት ተስፋ በዓይናችን ፊት ይታያል። በሥጋ የሚጠራው አንድ ልጅ አልነበረውም። ዛሬ ግን የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች የእምነታችንን ታሪክ ስንተርክ ከእርሱ እንጀምራለን። ትውልዱን የሚናገርለት ያልነበረ ሰው ትውልድ ሁሉ የሚናገርለት ሆነ። ይህ ነው ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም።

ወደ መገንጠያው ስንመለስ

ቅዱስ ላሊበላ ኢየሩሳሌምን ወደ ላስታ ተራሮች አቅርቦ፣ ወንዙን ዮርዳኖስ ብሎ የሰየመው ሩቅ መሄድ የማይችለው ሕዝብ በአገሩ እንዲሳለም እንደሆነ አባቶች ያስተምራሉ። ከጋሸና ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ምእመን ወደዚያች ኢየሩሳሌም ይሄዳል። ጃንደረባው ግን በኢየሩሳሌም ያላገኘውን በመመለሻው መንገድ፣ በምድረ በዳ፣ በመንገድ ዳር ውኃ አገኘው። እግዚአብሔር ስእለት ይዞ የሚሄደውን ሰው በደጁ ሊያገኘው ይችላል፤ ባዶ እጁን የተመለሰ መስሎት የሚያዝነውንም በመገንጠያው ላይ ሊያገኘው ይችላል።

ያንን ወንድማችንን ዛሬ ብናገኘው እንዲህ እንለው ነበር፦ ወንድማችን ሆይ፣ ቃሉ ሹመትም ነው፣ ቁስልም ነው። ሹመት ብቻ ነው ብለን የነገርንህ ቁስልህን ለማየት ስላልደፈርን ነበር። በመጽሐፍ የተነበበው ሰው ልጅ አልነበረውም፤ የእግዚአብሔር ጉባኤ በር ተዘግቶበት ነበር፤ መንፈስ ቅዱስ ግን ዲያቆኑን ወደ እርሱ አስሮጠው። አንተም ከባለቤትህ ጋር በቅዱስ ቍርባን ጸንተህ፣ ቃል ኪዳኑን ይዘህ ብትኖር ልጅ ቢሰጥህም ባይሰጥህም በእግዚአብሔር ቤት ያለህ ስም አይጠፋም። ልጅ አለመውለድም የኃጢአት ምልክት አይደለም፤ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን ተብለው የተመሰከረላቸው ልጅ ሳይወልዱ ነውና (ሉቃ. 1፥6-7)።

ቃሉን ለቀልድ ለሚያነሡትም አንድ ቃል አለን። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ የሰማችሁትን የቅዱስ መጽሐፍ ቃል በወንድማችሁ ላይ ድንጋይ አድርጋችሁ አትወርውሩት። መንፈስ ቅዱስ ሂድና ቅረበው ብሎ ዲያቆን የላከበትን ሰው ስም ለማራቂያ ማዋል ከመንፈስ ቅዱስ ሥራ በተቃራኒ መቆም ነው። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት በማኅበራችን፣ በጽዋችንና በሰንበቴያችን ውስጥ ከፊት እንጂ ከበር ውጭ ሊቀመጡ አይገባም። "ምን ይከለክለኛል?" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በጋዛ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ተሰጥቷል፤ ማናችንም አስከልካይ ሆነን በዚያ በር ላይ ልንቆም አልተሾምንም።

የጃንደረባው አምላክ ስእለታችንን ይስማ፤ የተዘጋውን ይክፈትልን፤ በቤቱም የማይጠፋ ስም ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።